ከበሮውን ማን ይሸከም?

«ለሙዚቃ ውድድሩ ከልጆቹ ጋር የሚሄዱ ሦስት ፈቃደኛ ወላጆች እንፈልጋለን።» እንዲህ ያለ መልእክት በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ሲገባ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። ሁሉም ያነበዋል፣ ሁለት ሰው አበባ ይልካል፣ ከዚያ ጸጥ። አንዷ እናት «ሥራ ባይኖርብኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ትጽፋለች። ውድድሩ ቅዳሜ ነው እኮ!

እኔ ዘንድሮ ተመዘገብኩ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤቷ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትንሿን ከበሮ ትመታለች። የሚወዳደሩት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ባለ አንድ ግቢ ነበር። ቀጣዩ መልእክት እናንተ ጋ ሲደርስ «እሺ» እንድትሉ እፈልጋለሁ፤ ግን ወደ ምን እንደምትገቡ አውቃችሁ ይሁን።

የፈቃደኛ ወላጅ ሥራ ከሙዚቃ ጋር ብዙም አይገናኝም። ዋናው ልጅ መቁጠር ነው። አውቶብስ ላይ ሲወጡ መቁጠር፣ ሲወርዱ መቁጠር፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ እንደገና መቁጠር። የወደቀ ኮፍያ ማንሳት፣ የተበጠሰ ቁልፍ በመርፌ ቁልፍ መያዝ፣ ትልቁን ከበሮ ከአውቶብሱ እስከ ሜዳው መሸከም። በመሥሪያ ቤቴ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዝግጅት ማስተባበር አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ነበር የሄድኩት። ባነር ግን ተሰልፎ መድረክ ሊወጣ ሲል ሽንቱ አይመጣም።

ብርዱን አትናቁት። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዳገቱም ቢሆን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ወይም ከሾላ በጣም ይቀዘቅዛል። ልጆቹ መንቀጥቀጣቸው ብቻ አይደለም ጣጣው፤ መሣሪያውም ይቀዘቅዛል። በትራምፔትና በትሮምቦን ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትናንት በክፍል ውስጥ የተስማማው ባንድ ዛሬ ሜዳ ላይ ይዛባል። የሙዚቃ መምህራችን ልጆቹን ድምፅ ሳያወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ደጋግመው እንዲነፉበት አደረጉ፤ እኛ ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ መሣሪያዎቹን በጋቢ ጠቀለልን። የቆዳው ከበሮ ጸሐይ ላይ ወጣ፤ የረጠበ ቆዳ ይላላል፣ ሲሞቅ ይወጠራል። ይህን የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲመታ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኖታው በነፋስ እንዳይበር የልብስ መቆንጠጫ ያዙ። እኔ ሁለት ደርዘን ወስጄ አንድም አልተረፈኝም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቆሎ ለጉዞ ጥሩ ነው፤ ትራምፔት ለሚነፋ ልጅ ግን ከመጫወቱ በፊት አትስጡት፤ ፍርፋሪው መንፊያው ውስጥ ይገባል። ሙዝ ይሻላል። ጾም ከሆነም የብስኩቱን ማሸጊያ አንብቡ፤ ወተት የሌለበት ማግኘት ከምታስቡት በላይ ይከብዳል። የሚጾሙ ልጆች እንዳሉ አስቀድማችሁ መጠየቅ እንጂ እዚያ ደርሶ «ትንሽ ብላ፣ ምንም አይልም» ማለት የእኛ ሥልጣን አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ባንዱ ሲሰለፍ ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ወደ ፊት ገፉ። ሁሉም የራሱን ልጅ ለመቅረጽ ነው፤ እንደ እናት ይገባኛል። ነገር ግን ልጆቹ ከመምህሩ እጅ ላይ ዓይናቸውን ማንሳት የለባቸውም፤ መግቢያውም ፍጥነቱም ከእዚያ ነው የሚመጣው። አንድ አባት በመምህሩና በትሮምቦኖቹ መካከል ቆሞ «ወደዚህ እይ፣ የኔ ጎበዝ!» ይል ነበር። ልጁም አየ። መግባት የነበረበት ቦታ አለፈው። አባትየውን በትህትና ወደ ኋላ እንዲመለሱ ጠየቅኳቸው፤ «ከፍዬ የማስተምረው ልጄን ነው» አሉኝ። ስለዚህ እናንተ አስተባባሪ ስትሆኑ ከሁሉ በፊት ገመድ ዘርጉ። አንድ ሰው ብቻ ይቅረጽና ለሁሉም ይላክ።

ከባንዱ መሀል ደግሞ በየደቂቃው ወደ በሩ የሚያይ ልጅ ነበር። ትራምፔት ነፊ ነው። «እትዬ፣ እናቴ ደወለች እንዴ?» ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እናቱ ቅዳሜ ገበያ አላት፤ እንደማትመጣ እሱም ያውቃል። ምን ይባላል? «የኔ ልጅ፣ ና ኮፍያህን ላስተካክልልህ» አልኩት፤ ኮፍያው ምንም አልሆነም ነበር።

እሱን ሳይ አርባ ልጆች ትዝ አሉኝ። የነሐስ ሙዚቃ በአገራችን ሲነሣ የእነሱ ነገር አይቀርም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመን ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈለት «ኢትዮጵያ ሆይ» ለተባለው የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ዜማ የሠራው ሰው ነው፤ መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ተሰማ። ታሪኩን የማውቀው ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው። ለእነዚያ ልጆች ከተመልካች መካከል እናት ወይም አባት እንዳልነበራቸው ያሰብኩት ግን ያን ቀን ኮፍያ ሳስተካክል ነው።

የእኛዎቹ ሲጫወቱ እኔ ከመድረኩ ጀርባ የጋቢና የመሣሪያ ሣጥን ክምር እጠብቅ ነበር። ልጄን አላየኋትም። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት፤ ፈቃደኛ ከሆናችሁ የራሳችሁን ልጅ ላታዩ ትችላላችሁ። ወርዳ ስትመጣ «እማዬ፣ አየሽኝ?» አለች። «ሰማሁሽ» አልኳት። ትንሽ አኮረፈች፤ ቀጥላ «የቱ ጋ?» ብላ ጠየቀች። ከአራት ከበሮ የእሷን መለየት ቀላል አይደለም፤ የመጨረሻውን መታጠፊያ ግን ቤት ውስጥ በወንበር፣ በድስት ክዳን፣ በአባቷ ጀርባ ላይ ስትለማመደው ስለከረመች አውቀዋለሁ። እሱን ነገርኳት።

ደረጃ ውስጥ አልገባንም። ስንመለስ አውቶብሱ ዝም ብሎ ነበር፤ ከኋላ አንድ ወላጅ ዳኞቹ አድልተዋል ማለት እስኪጀምር ድረስ። እውነት ሊሆንም ይችላል፤ እኔ አላውቅም። ነገር ግን እሱ መናገር በጀመረበት ቅጽበት ሲንሾካሾኩ የነበሩት ልጆች ሁሉ ጆሯቸውን ወደ እሱ አዞሩ። መምህሩ ምንም ሳይመልሱ ተነሥተው የከበሮ ዱላ መሰብሰብ ጀመሩ። ትራምፔት ነፊው ከቀበና ጀምሮ ተኝቶ ነበር፤ መሣሪያውን ከእቅፉ ያወጣሁት ት/ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ነው።

በመጨረሻ፣ ስማችሁን ስትሰጡ ምን መሥራት እንደምትችሉ አብራችሁ ንገሩ። መኪና ያለው ሣጥን ይጫን፣ ነርስ የሆነች የሕክምና ቦርሳውን ትያዝ፣ ቅዳሜ ገበያ ያለባት ደግሞ ዓርብ ማታ ሙዙን ገዝታ መላክ ትችላለች። ትልቁን ከበሮ ግን ወገቡን የማያመው ሰው ይያዝ።