የፊደል አቀራረጽና የሕትመት ጥበብ ታሪክ ለተማሪ የሚሰጠው ዕውቀት

ከጥቂት ወራት በፊት የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት የሚማር አንድ ወጣት ለልምምድ የሠራውን የመጽሐፍ ሽፋን አምጥቶ አሳየኝ። ቀለሙ በማስተዋል የተመረጠ፥ ሥዕሉም የሚያስደስት ነበር። ነገር ግን የመጽሐፉን ስም በአማርኛ ሲጽፍ የየቃሉን መጀመሪያ ፊደል ከተከታዮቹ አስበልጦ፥ የደራሲውንም ስም ወደ ቀኝ አዘንብሎ ስላየሁ ምክንያቱን ጠየቅሁት። እርሱም «ጌታዬ፥ በየመጻሕፍቱ የማየው የአርእስት ወግ እንዲህ ነው» ሲል መለሰልኝ። ወጣቱ ሰነፍ አይደለም፤ እጁም የተባረከ ነው። የጐደለው ይህ ወግ ከየት እንደ መጣ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሰዎች የዚህ ጥበብ ተማሪ የሚያስፈልገው የኮምፒዩተርን አሠራር ማወቅና ዐይኑን ማለማመድ ነው፤ ታሪክ ግን ለፈተና ተጠንቶ ከፈተና በኋላ የሚረሳ የስምና የዓመተ ምሕረት ዝርዝር ነው ይላሉ። ታሪኩ በዝርዝር መልክ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በእርግጥ ነገሩ እነርሱ እንዳሉት ነው። ዳሩ ግን ኮምፒዩተር ፊደልን ለማሳነስ፥ ለማስፋት፥ ለማዘንበልና ለመወጠር የማይሰለች አገልጋይ ሲሆን፥ የታዘዘውን ነገር መሥራት ይገባ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገር አይደለም። ይህን የሚለየው ሠራተኛው ነው። ሠራተኛውም ሊለይ የሚችለው እያንዳንዱ ወግ በማን እጅና በምን ችግር ምክንያት እንደ ተወለደ የተረዳ እንደሆነ ነው።

እስቲ ወጣቱ የጠቀሰውን ወግ እንመልከተው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የላቲን ትልቁና ትንሹ ፊደል በአንድ ጊዜ የተገኙ አይደሉም። ትልቆቹ የጥንት ሮማውያን በድንጋይ ላይ ይቀርጹአቸው የነበሩት ሲሆኑ፥ ትንሾቹ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በጸሐፊዎች ብርዕ የተገኙ ናቸው። በ15ኛው መቶ ዓመት የኢጣልያ ሊቃውንት ሁለቱን አጋብተው ይጽፉ ነበርና፥ ኒኮላ ዣንሶን የተባለው ፈረንሳዊ አታሚ በ1470 በቬኒስ ከተማ ይህንኑ የተጋባ ፊደል በእርሳስ አስቀርጾ መጻሕፍት አተመበት። ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውም ፊደል በዚያችው ከተማ ፍራንቼስኮ ግሪፎ የቀረጸው፥ አልዶ ማኑዚዮም በ1501 በእጅ ለሚያዙ ትንንሽ መጻሕፍት የተጠቀመበት ነው። የመጽሐፉ ንባብ ሁሉ በእርሱ ይታተም ነበር እንጂ፥ ዛሬ እንደሚደረገው አንዱን ቃል ከሌላው ለይቶ ለማሳየት አልተሠራም። እንግዲህ ተማሪው የተፈጥሮ ሕግ የመሰለው ነገር፥ የአንድ አገር ሰዎች በአንድ ዘመን የገጠማቸውን ጉዳይ የፈቱበት ዘዴ ሆኖ ይገኛል።

የእኛ ጸሐፍት ሁለት ዓይነት ፊደል ስላልነበራቸው የተጠቀሙት በሌላ ዘዴ ነው። ብራናውን ፍቀው፥ ዳር ዳሩን በወስፌ ወግተው ያሰምሩበታል፤ ብርዑን ከመቃ ይቀርጹታል። አፉ ሰፋ ተደርጎ ስለሚቈረጥ፥ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ይወፍራል፤ ወደ ጐን የሚሄደው ይቀጥናል። የፊደላችን ግርማ ያለው በዚህ የውፍረትና የቅጥነት መለዋወጥ ውስጥ ነው። የከበረ ስም ወይም የምዕራፍ መጀመሪያ ሲደርስ ፊደሉን በማሳደግ ፈንታ ቀለሙን ከጥቁር ወደ ቀይ ይለውጡታል። ለመጽሐፍ መክፈቻ በራስጌው ሐረግ ይስላሉ፤ ቃልንም ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያሉ። ጕልሕና ረቂቅ እያሉ አጻጻፉን እንደ መጽሐፉ ሁኔታ ይመርጣሉ። በፈረንጅ ስም ስላልተጠራ ነው እንጂ፥ ይህ ሁሉ ዛሬ ግራፊክ ዲዛይን የሚባለው ሥራ ራሱ ነው።

ወደ ሕትመቱ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። በማተሚያ የወጣው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ በ1513 በሮማ የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ጀርመናዊ ካህን ሲሆን፥ የኢትዮጵያ መነኮሳት በሮማ ሲጸልዩ ሰምቶ ቋንቋውን ከእነርሱ ተማረ፤ ስሙን ግን ተሳስቶ ከለዳዊ ብሎ ጠራው። ከዚህም በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በዚያው በሮማ አሳተሙ። በመጽሐፉም ውስጥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ሲለምኑ፥ ፊደሉን የደረደሩት ሠራተኞች ማንበብ የማይችሉ፥ እነርሱም ራሳቸው የድርደራን ሥራ የማያውቁ መሆናቸውን አመልክተዋል። የእኒህን መነኮሳት ድካም ሳስበው አድናቆቴ እጅግ ይበዛል፤ ከአገራቸው ርቀው ለአገራቸው ቋንቋ ያን ያህል የደከሙ ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለረዥም ዘመን የፊደላችን እርሳስ በሮማ፥ በለንደንና በጀርመን አገር ሲቀረጽ፥ ቀራጩ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን እንደ ሥዕል ያየ እንጂ ከልጅነቱ ያነበበ ሰው አልነበረም። የዕብራይስጥን ወይም የላቲንን ፊደል መቅረጽ የለመደ እጅ የእኛንም በዚያው ልማድ ቢቀርጽ ሊፈረድበት አይገባም። ይህን ሳያውቅ ያንኑ መልክ የሚገለብጥ የአገር ልጅ ግን ሊታረም ይገባዋል።

ይህን ማለቴ ስለ ውበት ብቻ አይደለም። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት በወገቡ ወይም በእግሩ ጫፍ መሆንዋ ነው፤ «ሌ» ደግሞ በዚያው እግር ጫፍ ቀለበት አለው። ፊደሉ በላቲን ፊደል መጠን ተለክቶ ሲያንስና ሲወፍር ምልክቲቱ በእግሩ ውፍረት ትዋጣለች፤ ቀለበቱም በቀለም ይደፈናል። በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን የአወሳሰድ ትእዛዝ የሚያነብ ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ እንግዲህ በግምት ሊያነብ ነው።

የጽሕፈት መኪናም የራሱን ጠባሳ ትቶአል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን መኪና ሲያዘጋጁ ከ230 የሚበልጡትን ፊደላት ለላቲን በተሠራ መኪና ጥቂት ቍልፎች ላይ ማዋል ስለ ነበረባቸው፥ ፊደሉን ከአካሉና ከምልክቱ ለያይተው በየተራ እንዲመታ አደረጉ። የፊደሉ መልክ በዚህ ቢጐዳም፥ በዘመኑ ከነበረው ችግር አንጻር የብልህ ሰው ሥራ ነው። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ስፍራ አለው። ችግሩ ቢወገድም ከችግሩ የተወለደው ልማድ አልቀረም። ሁለት ነጥቡን ባዶ ቦታ ተክቶታል። ይመለስ ብዬ አልሟገትም፤ ይህም ጽሑፍ ያለ እርሱ የታተመ ነው። ነገር ግን የአርእስት ገጽ የሚሠራ ተማሪ በእጁ ያለ ሀብት መሆኑን ሳያውቅ መቅረቱ ያሳዝናል።

ዘመናዊ ነው ተብሎ የሚመጣውን ሕግ ሁሉ እንዳለ መቀበል አደገኛ መሆኑን የሚያስተምር ደግሞ የያን ቺሾልት ታሪክ ነው። ይህ ጀርመናዊ በ1928 በ26 ዓመት ዕድሜው ስለ አዲሱ የሕትመት አደራደር መጽሐፍ ጽፎ፥ ጽሑፍን በገጹ መካከል አመጣጥኖ የማስቀመጥን የቀድሞ ሥርዓት አወገዘ። በ1933 ናዚዎች ካሰሩት በኋላ ወደ ስዊስ አገር ተሰደደ። ውሎ አድሮም የወጣትነት ትምህርቱ ሌላውን መንገድ የማይታገሥ መሆኑ ካሳደዱት ሰዎች መንፈስ ጋር እንደሚመሳሰል ተረዳ፤ ከ1947 እስከ 1949 በእንግሊዝ አገር የፔንግዊን መጻሕፍትን ሲያስተካክል ያወገዘውን ሥርዓት መልሶ ተጠቀመበት። የ1928ቱን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ተማሪ ግን ዛሬም በእርሱ ስም ይሟገታል።

ስለዚህ የጥበብ ትምህርት ቤቶቻችን ለጀማሪው ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከመስጠታቸው በፊት የመቃ ብርዕ ቢያስይዙትና ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በእጁ ቢያስጽፉት መልካም ነው። ከዚያም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ብራናዎች ያሳዩት፤ የ1513ቱንም መዝሙረ ዳዊት ቅጂ አጠገቡ አድርገው እያንዳንዱ መስመር የት እንደ ወፈረ፥ የትስ ያለ ምክንያት እንደ ቀጠነ ራሱ ለክቶ እንዲናገር ይጠይቁት። የአውሮፓውም ታሪክ ሳይቀነስ ይሰጠው፤ የራሱን ገጽ መጠየቅ የሚማረው ሌሎች የራሳቸውን እንዴት እንደ ጠየቁ በማየት ነውና።

ወጣቱ ባለፈው ሳምንት ሽፋኑን እንደ ገና ሠርቶ ተመለሰ። ፊደላቱ አሁን በቁመታቸው እኩል ናቸው፤ የደራሲው ስምም ቀጥ ብሎ በቀይ ተጽፎአል። በአርእስቱ ውስጥ ያለችው የ«ሉ» ምልክት ግን ገና ከእግሩ ጋር ተጣብቃ ስለ ነበር ይህንኑ ባመለክተው ጊዜ፥ ሽፋኑን ጠቅልሎ ሊያርመው ይዞት ሄደ።