ወፏን ለማየት ቅርንጫፍ ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን ይዤ እንጦጦ እየወጣሁ ወፍ አነሳለሁ። ጓደኞቼ «ሥራ አጣሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ሰሞኑን ግን የማላውቃት ወፍ አየሁ። ግራጫ ናት፤ ግንባሯ ነጣ ያለ፣ ከጅራቷ ሥር የዛገ ብረት የመሰለ ቀለም ያላት። ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ ቆዩና ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። የቀረልኝ አንድ ድብዝዝ ያለ ፎቶ ብቻ ነው። አብሮኝ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ «ጎጆዋ እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅርንጫፉን ቆርጠን፣ ድምፅዋን በሞባይል ከፍተን እናስወጣታለን» አለኝ። ነገሩ አላማረኝም። ግን እውነቱን ልናገርና ልጁን እወደዋለሁ። እምቢ ብለው ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ ስለ ወፏ እናውራ። የዘረዘርሻቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ «አቢሲኒያን ካትበርድ» የምትባለውን ይመስላሉ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የማትገኝ የደጋ ወፍ ናት። ወንዱ ሲዘፍን ሴቷ ትቀበለዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመታየቷ በፊት ድምፅዋ ይሰማል። ስላላወቅሻት አትፈሪ። በ1843 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም ከወጣላት በኋላ እንኳ ሊቃውንቱ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነች ብዙ ተከራክረዋል። የቅርብ ዘመዷ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዳለ የታወቀው በዘር ምርመራ ነው።

ቢሆንም በእኛ ቃል ብቻ አትርጊ። ያየሽውን ሳትረሺ ጻፊው። መጠኗ ከድምቢጥ ይበልጣል? ከርግብስ ያንሳል? ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥራጥሬ በል ናት፤ ቀጭን ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ፤ ረጅምና ቆልመም ያለ ከሆነ የአበባ ማር ቀሳሚ ልትሆን ትችላለች። ቀለምን ብቻ አትመኚ፤ የጠዋት ፀሐይ ግራጫውን ቡናማ ያስመስለዋል። ያን ድብዝዝ ፎቶም አትደምስሺው። ከጅራቷ ሥር ያለውን ቀለም ካሳየ፣ ጀርባዋን ብቻ ከሚያሳይ ጥርት ያለ ፎቶ ይሻላል። ከዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. ከታተመው ከእነሬድማን የአፍሪካ ቀንድ የወፎች መጽሐፍ ጋር አስተያዪው። ካልገጠመ «አላውቃትም» ብሎ መተው ነውር የለውም።

ቅርንጫፍ መቁረጡን ግን እርሺው። ጎጆው ከተጋለጠ ጫጩቶቹን ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁባቸዋል፤ ጭልፊትም ያያቸዋል። በሞባይል የሚከፈተውን ድምፅ ደግሞ ወፏ ግዛቷን ሊቀማ የመጣ ባላጋራ ታደርገዋለች። ምግቧንና ጎጆዋን ትታ ስትባዝን ትውላለች። ይልቅ ደመቅ ያለ ልብስ ሳትለብሺ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አትነቃነቂ። ፍርሃቷ ሲለቃት ራሷ ብቅ ትላለች።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ምናልባት ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ሊያስደስትሽ ፈልጎ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ፊት አታሳፍሪው። «እኔ ቆርጬ ማየት አልፈልግም፤ አብረን ቁጭ ብለን እንጠብቃት» በይው። የወደደሽ እንደሆነ ቅርንጫፍ ስላላስቆረጥሽው አይሸሽም። ለግማሽ ሰዓት አጠገብሽ ዝም ብሎ መቀመጥ ካቃተው ግን እሱንም ለይተሽ አወቅሽው ማለት ነው።