ክረምቱ ሳይጠና ለዶሮዋ ቤት

ሰኔ በጭልጋዋ አይከል የጥድፊያ ወር ነው። ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ሁሉም በመካከል ባለችው ሰዓት ሥራውን ሊጨርስ ይሯሯጣል። የላላ ቆርቆሮ በሚስማር የሚያጠብቅ፣ አሸንዳ የሚያጸዳ፣ የረገፈ ምርጊት በጭቃና በጭድ የሚደፍን፣ ጎርፍ እንዳይገባበት በቤቱ ዙሪያ ቦይ የሚቆፍር በየሰፈሩ ይታያል። ሴቶቹ ጓሮ ገብተዋል። የድንቹን መደብ ከፍ ያደርጋሉ፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር አንዴ ውኃ ከጠገበ ቶሎ እንደማይለቅ ከእናቶቻቸው ያውቃሉና። የጎመን ችግኝ ይነቀላል፣ ይተከላል። ግንቦት ላይ የገባው ዱባ ሐረጉን መዘርጋት ጀምሯል፤ ለእሸት የታሰበው በቆሎም ኩትኳቶ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ መካከል በየዓመቱ የሚዘለል አንድ ሥራ አለ፤ የዶሮ ቤት። ጎንደርም ሆነ ጭልጋ፣ ገጠሩም ሆነ የከተማው ዳር፣ በብዙ ቤት ዶሮዋ ሲመሽ ተመልሳ የምትገባው እኛው ዘንድ ነው። ከበሩ ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር ወይም ከምድጃው ወዲያ በተጋደመ ቆጥ ላይ ታድራለች። ዘንድሮ ጣሪያና ቦይ እያስተካከለ ላለ አባወራ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ጭቃው ከተቦካ፣ መዶሻውም ከወጣ አይቀር ዶሮዋን ከመኝታ ቤት የሚያወጣ ሥራ አብሮ ይሠራ።

ሰው ዶሮውን ከቤት የሚያሳድረው ምክንያት አጥቶ አይደለም። አንዲት ጎረቤቴን «እትዬ፣ ለምን ከውጭ ቤት አይሠራላቸውም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ልጄ፣ ሽልምጥማጡ ይጨርሳቸዋል። ሽልምጥማጡ ቢምር ሌባው አይምርም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር የሚገዛው ከእንቁላሏ ሽያጭ ነው፤ ባሏን ሳትጠይቅ የምታዝዝበት ገንዘብም ይኸው ነው። ይህን ሀብት ጨለማ ውስጥ ትታ እንድትተኛ ማንም ሊፈርድባት አይችልም።

ነገር ግን ከቤት የማሳደሩ ዋጋ የሚከፈለው በሕፃኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዴሪክ ሄዲ እና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ስላሉ ሕፃናትና ዶሮዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ዶሮ ያለው ቤተሰብ ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ አገኙት። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው ከሚተኛበት ቤት በሚያድሩበት ቤተሰብ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የልጆቹ ቁመት ለዕድሜያቸው ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ለማንም እናት እንግዳ አይደለም። የሚድኸው ልጅ እጁ ከወለሉ ነው፤ ከወለሉ ያነሳውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል። የዶሮ ኩስ ውስጥ ያለው ተህዋስ አንጀቱን ይጎዳዋል። ሁልጊዜ ተቅማጥ አያስይዘውም፤ ልጁ ይበላል፣ የበላው ግን ከሰውነቱ ሳይዋሃድ ይቀራል። ቤተሰቡ የሚያውቀው ከእኩዮቹ አጥሮ ሲያየው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ይህ ለእኛ ክልል የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ከ100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማስቀረት ቃል ሲገባ ለቃሉ የሰጠው ስም የእኛኑ የሰቆጣን ነው። እንቁላል ብቻውን ይህን ችግር ይፈታል ማለትም አይቻልም። ኢኳዶር ውስጥ ለጨቅላ ሕፃናት ለ6 ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲሰጥ መቀንጨር በግማሽ ያህል መቀነሱ ተጽፏል፤ ማላዊ ላይ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ግን ያ ውጤት አልተገኘም። የሚበላው እንቁላል ሕፃኑ ከሚድህበት ወለል ጋር አብሮ መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው። አሁን የሰኔ ጾም ነው፤ ጿሚው እንቁላል አይበላም፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል። እስከ ሐምሌ 5 የሚጠራቀመውን እንቁላል በርካሽ ከመሸጥ ለማይጾሙት ሕፃናት መቀቀል ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈንግል ነው። ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ ይመጣል፤ ዶሮዋ ትኮማተራለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አንገቷ ይጠማዘዛል። በሳምንት ውስጥ ግቢው ባዶ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ ሲሰጣት እናያለን፤ ቫይረስ ነውና አንዳቸውም አያድኗትም። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው፤ ክትባቱንም ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም እዚሁ አገር ውስጥ ያመርተዋል። አይ-2 የሚባለው ዓይነት ሙቀት ስለሚችል ከማቀዝቀዣ ውጭ ቀናት ይቆያል። መንገድ በሚዘጋበት፣ መብራት በሚጠፋበት በእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዓይን ላይ አንዲት ጠብታ ናት፤ በየ4 ወሩ ገደማ ትደገማለች።

በውኃ የሚሰጠውን ክትባት የምትመርጡ ደግሞ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ፤ ክትባቱን ይገድለዋል። ዶሮዎቹን ጥቂት አስጠምታችሁ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ስጧቸው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ለ5 ዶሮ ብቻ የሚከፍትላችሁ የለም። ስለዚህ ሰፈሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ላይ ማስከተብ አለበት። ቤት የሌላት ዶሮ ለክትባትም አትመችም። ጠዋት በሩ ሲከፈት የተበተነችን ዶሮ እያሳደዱ ዓይኗ ላይ ጠብታ ማኖር አይቻልም፤ ተዘግቶባት ያደረችውን ግን አንድ በአንድ እያወጡ መከተብ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ቃል ልናገር። አንዷ ዶሮ ስትታመም የቀሩትን ይዞ ገበያ መውጣት ልማድ ሆኗል። ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው ነው ነገሩ። ገዢው ዶሮዋን ይዞ ወደ ቀበሌው ሲመለስ ፈንግሉን ይዞ ይመለሳል፤ በሳምንቱ የዚያ ቀበሌ ዶሮ ያልቃል። ይህ በጎረቤት ላይ የሚሠራ በደል ነው። የሞተችውን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ የቀሩትን ከግቢ አለማውጣት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው መንገር ግድ ነው። ላባና አንጀት ውሻ እንዲጎትተው መንገድ ላይ መጣልም በሽታውን ለሰፈሩ ማደል ነው።

ሦስተኛው ምክንያቴ ጓሮው ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም ይኼን ነው። በሰሜኑ ደጋና ወይና ደጋ የከብቱ እበት ወደ አፈሩ አይመለስም። በበጋ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ ኩበት ይሆናል፣ ምድጃ ውስጥ ይነድዳል። እንጨት እየጠፋ በሄደበት አገር ለምን ይነድዳል ማለት አይቻልም፤ ጓሮው ግን ይራባል። የዶሮ ኩስ ለማገዶ አይሆንም። ከከብት እበት ይልቅ በናይትሮጅን የበለጸገ ነው፤ ዛሬ ግን ቤት ውስጥና ግቢ ላይ ተበትኖ በጎርፍ ይታጠባል። ዶሮዎቹ አንድ ቦታ ካደሩ ኩሱም አንድ ቦታ ይከማቻል። ትኩሱን ከችግኝ ሥር መጣል ያቃጥለዋል። ከጭድና ከጤፍ ገለባ ጋር ተደባልቆ፣ ዝናብ እንዳያጥበው ተሸፍኖ ከ2 እስከ 3 ወር ሊብላላ ይገባል። በዚህ ሰኔ የጀመረ ሰው ለመስከረሙ ጎመንና ለበጋው የመስኖ ሽንኩርት ማዳበሪያ ይኖረዋል። የፋብሪካው ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ ለጓሮ ባለቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቅም ያለው ሥራ ለምን ይዘለላል? የማየው ምክንያት አንድ ነው። ዶሮዋ የሴቷ ናት፤ ግንባታው የወንዱ ነው። እሷ ምሰሶ አትተክልም፣ እሱ ስለ ዶሮ አያስብም። በሬ ሲገዛ በረት ይሠራል፣ በግ ሲገዛ ጋጣ ይሠራል፤ ዶሮዋ ግን የማንም ሥራ ሳትሆን ክረምቱ ይገባል። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚሸጥ፣ ከሁሉ በፊት ለእንግዳ የሚታረድ ሀብት ከሁሉ በኋላ መታየቱ አግባብ አይደለም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ለ10 ዶሮ 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር የሆነ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ከኩሽናው ወይም ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጋር፣ ከውጭ በኩል ይለጠፍ፤ ሌባ ቢመጣ ሰው ይሰማል፣ ግድግዳውም ብርዱን ይከላከላል። ጀርባው ዝናቡ ወደሚመጣበት፣ በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን። ወለሉ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ እግሮች ላይ ይቁም። በእያንዳንዱ እግር ላይ ከአሮጌ ቆርቆሮ ተቆርጦ የሚጠመጠም አንድ ቁራጭ ቢኖር ሽልምጥማጡ መውጣት ይሳነዋል። የወለሉ እንጨቶች አውራ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑራቸው፤ ኩሱ ከታች ወደተነጠፈው ገለባ ይወድቃል፣ በሳምንት አንዴ ይጠረጋል። የሚድኸው ልጅ ከሥሩ እንዳይገባ ዙሪያውን በቅርንጫፍ ማጠር ያስፈልጋል።

የግድግዳው ታችኛው ግማሽ ጭቃ፣ ላይኛው ሽቦ ይሁን። አየር የማይገባበት የዶሮ ቤት የሳል ቤት ይሆናል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ብርድ ፈርቶ ሁሉን ይደፍናል። ጣሪያው ሳር ቢሆን ሙቀት ይይዛል፣ ቆርቆሮ ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ብቻ ክፈፉ ወደ ውጭ ይርዘም። ውስጡ የቆጥ እንጨት፣ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ቅርጫት፣ ጥግ ላይ ለቁንጫና ለቅማል የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ። በሩ ላይ ቁልፍ። ባሕር ዛፍ ያለው ሰው የሚገዛው ሽቦና ሚስማር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ለባለሥልጣናቱም የምለው አለ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የዶሮ ሥርጭት የየወረዳው ሪፖርት አንድ ክፍል ሆኗል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የሀገሬዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል የተሻሻሉት ከ150 በላይ ይጥላሉ። የሀገሬዋ ዶሮ ግን ቆጥ ባታገኝ ዛፍ ላይ አድራ፣ መኖ ባታገኝ ጭራ ትኖራለች፤ ቅድመ አያቶቿ ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለው ጥንታዊ ሰፈር ከ2,500 ዓመት በፊት ከሰው ጋር ይኖሩ እንደነበር አጥንታቸው መስክሯል። የተሻሻለችዋ ይህን አትችልም። ቤት፣ መኖና ክትባት ትፈልጋለች። ስለዚህ ጫጩት የሚያድል ባለሙያ ከማደሉ በፊት ግቢው ገብቶ የዶሮ ቤቱን ይይ፤ ቤቱ ከሌለ ጫጩቱን አይስጥ። የታደለው ሳይሆን በዓመቱ በሕይወት ያለው ዶሮ ይቆጠር።

አንድ ነገር ለእናቶች። ክረምት ላይ ዶሮ አለማስታቀፍ የቆየ ብልሃታችሁ ትክክል ነው፤ ጫጩት ብርዱንና እርጥበቱን አይችልም፣ ሰብሉ ሲያድግም አዳኙ ይደበቅበታል። ማስታቀፉ ለጥቅምትና ለኅዳር ይቆይ። እስከዚያ ቤቱ ይሠራ፣ ክትባቱ ይሰጥ፣ ኩሱ ይከማች።

እናንተ አባወራዎች ግን ዛሬ ጀምሩ። ምሰሶው ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይተከል፣ ጭቃው ፀሐይ ባለበት ይለጠፍ። ሐምሌ ከገባ ጭቃው አይደርቅም።