በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ድካማችሁ እውነት ነው፤ «የአድሬናል ድካም» ግን በሽታ አይደለም



ሰሞኑን በመልዕክት ሳጥኔ ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከአሰላ፣ ከሳጉሬ፣ ከበቆጂ፣ ከኢተያ ይጽፋሉ፤ ዓረብ አገር ያለች እህታቸው ቪዲዮ የላከችላቸውም አሉ። ጥያቄው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ የታይሮይድ ኪኒኔን እየወሰድኩ ነው፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት መነሳት ያቅተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሰውነቴ ይዝላል። ቪዲዮው ላይ ‹አድሬናልሽ ደክሟል› ይላል። የሚሸጠውን ኪኒን ላስመጣ?»

መልሴን አላዘገይም፦ አታስመጡ። ድካማችሁ እውነት ነው። የተሰጠው ስም ግን እውነተኛውን ምክንያት ከመፈለግ ያዘናጋል፤ አንዳንዴም ሕይወት ያስከፍላል። አባቶቻችን ችግር በችግር ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ታይሮይድ ላለበት ሰው ይህ ስም ሲጨመርበት የሚሆነው እንዲሁ ነው።

▪️ አድሬናል ምንድን ነው? «ደከመ» የሚለውስ ከየት መጣ?

አድሬናል በሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ የሚገኙ ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው። ኮርቲሶልን ጨምሮ የተለያዩ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል የደም ግፊታችንንና የስኳር መጠናችንን ይደግፋል፤ ስንታመም ደግሞ ሰውነታችን እንዲቋቋም ያደርጋል። ያለ እሱ መኖር አይቻልም።

«የአድሬናል ድካም» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጀምስ ዊልሰን የተባለ የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ነው። ሐሳቡ «ጭንቀት ሲበዛ ዕጢዎቹ ይዝላሉ፣ ሆርሞናቸውም ያንሳል» የሚል ነው። ሲሰሙት ያሳምናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የብራዚል ተመራማሪዎች 58 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ይህ በሽታ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራትም እንደ በሽታ አይቀበሉትም። ጭንቀት ሰውን አያደክምም ማለት አይደለም፤ በደንብ ያደክማል። የሚያደክመው ግን አድሬናልን በማድረቅ አይደለም።

▪️ ታዲያ ኪኒኔን እየወሰድኩ ለምን ይደክመኛል?

መጀመሪያ የማስበው አድሬናልን ሳይሆን ኪኒኗ የምትወሰድበትን መንገድ ነው። ሌቮታይሮክሲን በጣም ስስ መድኃኒት ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ካልተወሰደ በበቂ ሁኔታ ወደ ደም አይገባም። በእኛ አገር ደግሞ ጠዋት ያለ ቡና አይነጋም። ኪኒኗን በቡና የሚያወራርዱ፣ ወይም ውጠው ወዲያው ወተትና ጨጨብሳ የሚያስከትሉ ብዙ ናቸው። ያኔ መድኃኒቱ «ተወስዷል»፤ ሰውነት ግን የደረሰው ከፊሉ ብቻ ነው።

✅ ኪኒኗን ከቁርስና ከቡና ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ በውሃ ውሰዱ።
✅ የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) ወይም ካልሲየም የምትወስዱ ከሆነ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። ነፍሰ ጡሮች ይህን በተለይ ልብ በሉ፤ በእርግዝና ጊዜ የኪኒኑ መጠንም ብዙ ጊዜ መጨመር ስለሚያስፈልገው እርግዝናውን እንዳወቃችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።
✅ የጨጓራ መድኃኒት የታይሮይዱን ኪኒን ሊያዳክም ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለቱንም ለሐኪማችሁ ተናገሩ።
✅ በረመዳን ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ማታ መውሰድ ይቻላል። በጾም ምክንያት ማቋረጥ አያስፈልግም።
✅ መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው የደም ምርመራ ይደገም። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል ትክክል አይደለም።

እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውም «ዕጢው ወጥቷል፣ በሽታው አልቋል» ብለው ኪኒኑን ሲያቆሙ ይታያል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሆርሞኑን የሚያመነጭ ሌላ የለም፤ ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ድካሙ ካልቀረ ሌላ መፈለግ ይገባል፦ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ስኳር፣ የኩላሊት ችግር፣ እርግዝና፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ ማጣት። ሌላም አለ። ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነስታ ውሃ የምትቀዳ፣ ከብት የምታልብ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ከዚያ ገበያ ወጥታ ማታ ልጆች የምታስተኛ ሴት ብትደክም ዕጢዋን መክሰስ አይገባም። ለእሷ የሚያስፈልጋት ኪኒን ሳይሆን ሥራውን የሚጋራት ሰው ነው። ባሎች፣ ይህን አንቀጽ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

▪️ አድሬናልና ታይሮይድ በእውነት የሚገናኙበት ቦታ

«የአድሬናል ድካም» የለም ስል አድሬናል አይታመምም ማለቴ አይደለም። የሚያስፈራኝ ሐሰተኛው ስም እውነተኛውን በሽታ እንዳይሸፍነው ነው። ሦስት ነገሮችን እወቁ።

1️⃣ የአዲሰን ሕመም። ቶማስ አዲሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ገለጸው። ከገለጻቸው ሕሙማን የብዙዎቹን አድሬናል ያጠፋው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ነቀርሳ ባልጠፋበት በእኛ አገር ይህ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሌላው መንስኤ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ ነው። ይኸው ችግር ታይሮይድንም ስለሚያጠቃ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ምልክቶቹ ክብደት መቀነስ፣ ሲነሱ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ጨው አጥብቆ ማማር፣ እንዲሁም የመዳፍ መስመሮች፣ የድድና የጠባሳ መጥቆር ናቸው።

2️⃣ ስቴሮይድ ወስዶ በድንገት ማቆም። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ለሳምንታት የወሰደ ሰው (ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ፣ ወይም «ያወፍራል» ተብሎ) አድሬናሉ ሥራ ይፈታል። ድንገት ሲያቆም ዕጢው ቶሎ አይነቃም። ለቆዳ ማቅያ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶችም ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። የቅባቱን ነገር ደግሞ ካልተጠየቀ ማንም አይናገርም።

3️⃣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል፣ የአተር ፍሬ የምታክል ዕጢ አድሬናልንም ታይሮይድንም ታዛለች። እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈሳት ይህች ዕጢ ልትጎዳ ትችላለች። ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ከወሊዱ በኋላ ጡት ወተት አልሰጥ ይላል፣ የወር አበባ አይመለስም፣ የብብት ፀጉር ይረግፋል፣ ብርድ ይበረታል፣ ድካሙ ዓመታት ይቆያል። እዚህ ላይ ቲ.ኤስ.ኤች. ብቻውን ቢታይ ደህና መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ከገጠር ቀበሌ፣ ቤቷ ወልዳ ደም ፈስሷት የተረፈች እናት «ከዚያች ቀን ወዲህ ሰው አልሆንኩም» ስትል ቃሏን በጥሞና መስማት ያስፈልጋል።

ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ አደጋ አለ። ኮርቲሶሉ በጣም ያነሰበት ሰው መጀመሪያ እሱ ሳይተካለት የታይሮይድ ኪኒን ቢጀመርለት ወይም ቢጨመርለት ወደ ከባድ ቀውስ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የታይሮይድ ኪኒን ከጀመራችሁ በኋላ ከበፊቱ የባሰ ከደከማችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትታገሡ፤ በራሳችሁም መጠን አትጨምሩ። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ግራ መጋባት ከተከተለ ወደ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም ቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስቴሮይድ ትወስዱ ከነበረ በሩ ላይ ተናገሩ። የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ የሚወሰድ የደም ኮርቲሶል ነው።

▪️ «ግን ጓደኛዬ ወስዳው ተሻላት!»

ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ግን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለ«አድሬናል ድጋፍ» የሚሸጡ 12 ምርቶችን መረመረ። በሁሉም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኘ፤ በ7ቱ ውስጥ ደግሞ ስቴሮይድ ሆርሞን። ማለትም ሰዎቹ «የተፈጥሮ ማሟያ» ብለው የዋጡት ሆርሞን ነበር። ለጊዜው ማነቃቃቱ አይገርምም። ነገር ግን የታይሮይድ ኪኒን የምትወስድ ሴት ሳታውቅ መጠኗን ትጨምራለች፤ ልቧ ይመታል፣ አጥንቷ ይሳሳል። ከቆየች በኋላ ስታቆመው ደግሞ ቁጥር 2 ላይ የነገርኳችሁ ይደርስባታል። ያልነበረውን የአድሬናል ችግር ኪኒኑ ራሱ ፈጠረው ማለት ነው።

አሽዋጋንዳ የሚባለው ሥርም የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን ደግሞ የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ያዛባል፤ ከምርመራው ቀናት በፊት ማቆምና ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

▪️ የጨውን ነገር ለብቻው

እነዚህ ቪዲዮዎች «አድሬናልን ለመመገብ» ሮዝ ቀለም ያለውን የሂማላያ ጨው በጭማቂ በጥብጣችሁ ጠጡ ይላሉ። ይህ ምክር የሚያናድደኝ የእኛን ታሪክ ስለማያውቅ ነው።

በደጋው ምድር ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። በአፈሩ ከሌለ በገብሱም፣ በስንዴውም፣ በወተቱም ያንሳል። እንቅርት በእናቶቻችን አንገት ላይ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ለውጡን ይመሰክራሉ፦ በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሰ። ሮዙ ጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም። በውድ ዋጋ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

አዮዲን ያለበትን የታሸገ ጨው ግዙ፣ በክዳን ዕቃ ከእሳትና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። በሌላ በኩል የቆየ፣ እብጠቱ የበዛ እንቅርት ያለባችሁ እናቶች የአዮዲን ጠብታና የባሕር ሣር ኪኒን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ድንገት የበዛ አዮዲን ታይሮይዱን ከመጠን በላይ ሊያሠራው ይችላል።

▪️ የእኔ አቋም

ሰዎች ወደ ቪዲዮው የሚሄዱት ስለሚሞኙ አይደለም። ቪዲዮው ስለሚሰማቸው ነው። ከበቆጂ ወይም ከመራሮ ተሳፍራ፣ ከፍላ፣ ወረፋ ጠብቃ የመጣች ሴት «ውጤትሽ ደህና ነው፣ ሂጂ» ብቻ ከተባለች፣ «ገብቶኛል፣ አድሬናልሽ ነው» የሚላትን ብታምን አልፈርድባትም። ውጤቱ ደህና ሆኖ ሰውየው ደህና ካልሆነ ምርመራው አላለቀም። ይህን ከሐኪሞቻችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ስትሄዱም እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፦

🔹 ኪኒኔን የምወስድበት ሰዓትና መንገድ ልክ ነው? መጠኑስ?
🔹 የደም ማነስ፣ ቢ12 እና ስኳር ታይቶልኛል?
🔹 ስቴሮይድ፣ ቅባት ወይም ማሟያ ወስጃለሁ፤ ይህ ችግር ያመጣል?
🔹 በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሶኛል፣ ወይም ነቀርሳ ታክሜያለሁ፤ ኮርቲሶሌ መታየት አለበት?

ለማሟያው ልትከፍሉት ያሰባችሁት ገንዘብ ለእነዚህ ምርመራዎች ይዋል። ድካማችሁ ስም ከማግኘቱ በፊት ምክንያቱ ይገኝለት።

ይህን ጽሑፍ የታይሮይድ ኪኒን ለምትወስድ እህታችሁ፣ ዓረብ አገር ላለችውም አጋሩላት። ጽሑፉ ለግንዛቤ ነው፤ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምንም መድኃኒት አትጀምሩ፣ አታቁሙ።

መልካም ጤና!