«ሚዲየም ነኝ» ልክ አይደለም

ጥር ሲደርስ የሠርጉም የጥምቀቱም የልብስ ጣጣ አንድ ላይ ይመጣል። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ጭቅጭቁ ይቀራል። ደንበኛዋ «ሰፊው ቀሚሴን አበላሸብኝ» ትላለች። ሰፊው «በሰጠችኝ ልክ ነው የሰፋሁት» ይላል። ማን እውነት እንደተናገረ ማወቂያ የለም፤ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት ወይ ጠፍቷል፣ ወይ መጀመሪያውኑም አልነበረም።

የእኔ አቋም አጭር ነው። በልክ ለሚሰፋ ልብስ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ልኩ በጽሑፍ ይያዝ። አንዱ ቅጂ ሰፊው ጋ፣ አንዱ ደንበኛው ጋ ይቀመጥ። በቃ።

«ኧረ ለአንድ ቀሚስ ይሄ ሁሉ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ በተለይ ለሐበሻ ቀሚስ! ሱሪ ቢረዝም ከታች ቆርጦ ማጠፍ ነው፣ አለቀ። የሐበሻ ቀሚስ ግን ጥለቱ ያለው ከታች ነው። ሸማኔው ቀናት የደከመበት፣ እናንተም ብዙ ብር የከፈላችሁበት እሱ ነው። ከታች ልቁረጥ ብትሉ ጥለቱን ቆርጣችሁ ልትጥሉ ነው። ስለዚህ ከወገቡ ወይም ከትከሻው ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። መሐሉ ላይ ከአንገት ወደ ታች የሚወርድ ጥለት ካለበት ደግሞ እሱ እንዳይዛነፍ ሌላ ጭንቅ ነው። ጠቦ ከመጣማ አይነሳ! ትርፍ ጨርቅ ካልተተወ የሚጨመር ነገር የለም፤ ሌላ ጨርቅ ቢገዛም የክሩ ቀለምና የሽመናው ጥብቀት ላይገጥም ይችላል።

ነገሩ የሚብሰው ደንበኛዋ ዋሽንግተን ወይ ዱባይ፣ ሰፊው ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሲሆኑ ነው። ትእዛዙ በቴሌግራም ይላካል፤ አንድ ፎቶና «ያው ሚዲየም ነኝ» የሚል መልእክት። ሚዲየም የማን ሚዲየም? የፋብሪካ ልብስ ቁጥር ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ 8 የሚባለው ቀሚስ እንግሊዝ አገር 12 ነው።

የሚዜዎች ልብስ ላይ የሚሆነውን ደግሞ እዩት። ሙሽራዋ የስድስት ሴት ልክ ሰብስባ ትልካለች። አንዷ ደረቷን «38» ብላለች፣ ሌላዋ «96»። ሁለቱ ግን ያው ናቸው ማለት ይቻላል፤ 38 ኢንች ወደ 96 ተኩል ሴንቲ ሜትር ነውና። ሦስተኛዋም «38» ብላለች፤ እሷ ግን የጻፈችው አውሮፓ የምትገዛውን የቀሚስ ቁጥር ነው፣ ደረቷ ወደ 88 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰፊው ይሄን በምን ይወቅ? ጠንቋይ አይደለም! አብዛኛው የልብስ ሰፊ ሜትር አንዱ ፊቱ ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ ፊቱ ኢንች ነው። ከቁጥሩ አጠገብ አንዲት ቃል መጻፍ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሰፊ ከሰውነት ልክ ላይ ለመተንፈሻና ለመቀመጫ የሚሆን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራሱ ይጨምራል። ደንበኛዋ ደግሞ «እንዳይጠበኝ» ብላ ቀድማ 4 ትጨምራለች። ሁለቱም ጨምረው ሲመጣ ቀሚሱ ድንኳን ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ይሄ የሰውነቴ ልክ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም» ተብሎ ይጻፍ።

አለካኩም ከባድ አይደለም፤ ዋናው ነገር ራስን በራስ አለመለካት ነው። ጎንበስ ባላችሁ ቁጥር ሜትሩም ይዛነፋልና ሌላ ሰው ይለካችሁ። ደረትና ዳሌ በሰፊው ቦታቸው ዙሪያ ይለካሉ። ወገብ ላይ ቀጭን ክር እሰሩ፤ ክሩ የተቀመጠበት እሱ ወገባችሁ ነው። ትከሻ ከአጥንት እስከ አጥንት ነው። እጅጌ ክንድ ትንሽ ታጥፎ ይለካል፣ አለበለዚያ ያጥራል። ቁመት ደግሞ የዚያን ቀን የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ ክልክል ነው! ሠርጉ ላይ ክትፎም አለ። በመጨረሻም ቀን ጻፉበት፤ ከወሊድ በፊት የተወሰደ ልክ ከወሊድ በኋላ ላይሠራ ይችላል።

ለሰፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ልክ ስትወስዱ ቁጥሩን ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት አትጩኹት። «ዳሌ 112!» ተብሎ ሲጠራ አንገቷን ደፍታ የምትወጣ ሴት አለች። «ወፍረሻል እኮ» የሚለውም አስተያየት ይቅር፤ የመጣችው ልትለካ እንጂ ልትገመገም አይደለም። ዝም ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሴት ለካኝ ስትልም እንደ ስድብ አትቁጠሩት።

«ልኩን ከሰጠናት ሌላ ሰፊ ጋ ይዛው ትሄዳለች» የሚል ስጋት እንዳለም አውቃለሁ። ግን እኮ ቁጥሩ የእሷ ሰውነት ነው። ደንበኛን የሚመልሰው የእጅ ሥራ ነው፤ ልኩን ደብቆ ደንበኛ ያቆየ ሰፊ አላየሁም። «ዓይኔ ሜትር ነው» የምትሉ ነባር ባለሙያዎችም አላችሁ። አምናችኋለሁ፣ ዓይን የሠለጠነ ነገር ነው። ነገር ግን ክርክር ሲነሳ ዓይን አይመሰክርም፣ ወረቀት ግን ይመሰክራል።

ወረቀቱ ደግሞ ለደንበኛው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዛሬ ደንበኛዋ ክብደት ጨምራ መጥታ «ጠበበኝ» ብትል ሰፊው በነፃ ፈትቶ ይሰፋል፤ ሌሊት ያድራል፣ የሌላ ሰው ሥራ ይስተጓጎላል፣ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ቀንና ቁጥር ያለው ወረቀት ካለ ግን ስህተቱ የማን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ይለያል። ሰፊው ከሳተ ያስተካክላል፣ ደንበኛዋ ከሳተች ትከፍላለች። ይሄ ነው ፍትሕ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል አይደል? እኔ ግን የሸማኔው ድካም ያሳዝነኛል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ሰንፈን የወር ሥራ አንቅደድ።

እስቲ ሰፊዎች ኮሜንት ላይ ኑ። ልክ በጽሑፍ የምትሰጡ አላችሁ? የማትሰጡትስ ለምን?