ፓምፑ ከመሰጠቱ በፊት ጉድጓዱ ይለካ

በበጋው ወራት በጣና ዙሪያ፣ በተለይም እንደ ፎገራ ባሉ ወረዳዎች፣ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው አርሶ አደር ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በቤንዚን የሚሠራው አነስተኛ ፓምፕም የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ መሣሪያው አርሶ አደሩ እጅ በሚገባበት ፍጥነት የአጠቃቀም እውቀቱ አብሮት እየደረሰ አይደለም። የዚህ ክፍተት ዋጋ የተቃጠለ ሞተር ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሰው ሕይወትም ጭምር ነው።

ፓምፕ ውሃን በሞተሩ ጉልበት ጎትቶ የሚያወጣ ይመስላል። በተግባር ግን ፓምፑ አየሩን ከመምጠጫ ቱቦው ሲያስወጣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው የአየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ውሃን ከ10 ሜትር ብዙም አያሳልፍም። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በሆነው የጣና አካባቢ ደግሞ ልኩ 8 ሜትር ግድም ነው፤ በቱቦው የሚባክነው ሲቀነስ በአስተማማኝነት የሚሳበው ከ6 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ጉልበታም ሞተር መግዛት ይህን አይለውጠውም።

የካቲትና መጋቢት ላይ የጉድጓዱ ውሃ ሲሸሽ ፓምፑ "እምቢ" የሚለውም ለዚህ ነው። አርሶ አደሩ የፓምፑን ጥራት ይጠረጥራል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ አየር ነው። ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት አረፋው እስኪያቆም በውሃ መሞላት፣ መክደኛው በደንብ መጥበቅ፣ የቱቦው መጋጠሚያም አየር የማያስገባ መሆን አለበት። በቱቦው ጫፍ ያለው፣ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ከጭቃው ከፍ ብሎ ውሃው ውስጥ መስጠም ይገባዋል። ፓምፑን ያለ ውሃ ማስነሳት ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጎማ ያቃጥላል። የጋለውን ፓምፕ ወዲያው መክፈትም በእንፋሎት ያስለበልባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃው ካልመጣ ጉድጓዱ ከልኩ አልፎ ሊሆን ይችላል። ትልቁ አደጋ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ማውረድ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ይኸው ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ሻማ አውርዶ መፈተሽ አያድንም፤ ጋዙ ባለበትም ሻማው ሊነድ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ከጉድጓዱ ቶሎ አይወጣም። የወደቀውን ለማውጣት ዘሎ የሚገባው ወንድም ወይም ጎረቤት ሁለተኛ ሟች የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

"ባለሙያው በየማሳው ሊቆም አይችልም" የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን በየማሳው መቆም አያስፈልገውም። ድንጋይ የታሰረበት ገመድ በመጋቢት ወር እስከ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ርቀቱ ከ6 ሜትር ከበለጠ ለአርሶ አደሩ የሚያስፈልገው የቤንዚን ሞተር የማይወርድበት፣ በፀሐይ ኃይል ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጠላቂ ፓምፕ ነው።

ስለዚህ ፓምፕ የሚያቀርቡ ማኅበራት፣ ብድር የሚሰጡ ተቋማትና ነጋዴዎች ጉድጓዱ ሳይለካ፣ ገዢውም በዓይኑ እያየ ፓምፑን ሞልቶ ሳያስነሳ ርክክብ መፈጸም የለባቸውም። የወረዳ ሪፖርትም ስንት ፓምፕ እንደተሰራጨ ብቻ ሳይሆን ስንት ጉድጓድ እንደተለካ ይናገር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ልኬታው ውሃው ከመሸሹ በፊት ይጀመር።