“እማማ፣ ጭጋግ የለም”

ዛሬ የማወጋችሁ ምሽት ላይ ፎቶ ስለማንሳት ነው። “ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ፎቶ አንሺ ሆኑ?” የምትሉ አትጠፉም። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ወደ ጤና ስለሚመጣ ትንሽ ታገሡኝ።

ልጄ የምትሠራው ቤይሩት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሞላውን ልጇን ሐዋሳ ላይ የማሳድገው እኔ ነኝ። እሷ እሑድ ዕረፍቷ ስለሆነ ወደ ባሕሩ ዳር ትወጣና ፀሐይ ውኃው ውስጥ ስትገባ አንስታ ትልክልናለች። የልጅ ልጄ አንድ ቀን “እኛም እኮ ሐይቅ አለን” ብሎ መለሰላት። እውነቱን ነው። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስላለች ፀሐይ የምትጠልቀው ልክ ከፊታችን፣ ከውኃው ማዶ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ አንዳንዴ ሐይቁ ዳር፣ አንዳንዴ ታቦር ተራራ ላይ እየወጣን እያነሳን እንልክላታለን። እናትና ልጅ አንዲት ፀሐይ ሲሸኙ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የልጅ ልጄ መምህሬ ሆነ። መጀመሪያ የስልኩን የካሜራ መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ እኔ ወጥ በነካ እጄ ስለምይዘው ሁልጊዜ ይቆጣኛል። ቀጥሎ ፀሐይዋን ብቻዋን አለማንሳት ነው፤ ከፊት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ፣ የሾላ ዛፍ ወይም ዓሣ ጠባቂው አባ ኮዳ ቢኖር ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል። ስክሪኑ ላይ ሰማዩን በጣት ነካ ስናደርግ ስልኩ ብርሃኑን በሰማዩ ስለሚለካ ቀዩ ቀለም አይነጣም። ፍላሽ ይጠፋል፤ ብርሃኑ ጥቂት ሜትር እንጂ ማዶ ያለው ተራራ ድረስ አይሄድምና።

ጨለም ሲል ደግሞ ስልኩ ብርሃን የሚሰበስበው ጊዜ ወስዶ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት እጅ ከተንቀጠቀጠ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ስልኩን ድንጋይ ወይም አጥር ላይ አስደግፈን፣ የሦስት ሰከንዱን ቆጣሪ ከፍተን እጃችንን እናነሳለን።

ዋናው ትምህርት ግን ፀሐይ ገባች ብሎ ወደ ቤት አለመሮጥ ነው። የሚያምረው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ይላል መምህሬ። ቀዩ ይከስምና ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይለብሳል። ይህ ሰዓት እኛ አገር አጭር ነው። ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ቁልቁል ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ሃያ ደቂቃ ጥቂት ካለፈ ጨለማ ነው። ቤይሩት ላይ ፀሐይዋ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ስለምትወርድ ምሽቱ ትንሽ ይዘገያል።

ችግሬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያንን ሰማያዊ እኔ አላየሁትም።

“ስልኩ ነው የሚቀባው” አልኩት።

“ኧረ እማማ፣ ቀና ብለሽ እዪዋ!”

ቀና ብዬ አየሁ። ለእኔ ቡናማ የነካው ግራጫ ነበር። ደግሞ ፎቶዎቹን “ጭጋግ አለባቸው” እያልኩ ሳጠፋ “እማማ፣ ጭጋግ የለም” እያለ ይለምነኛል። ሐይቁ ዳር ያሉት መብራቶች በዓይኔ ቀለበት ሠርተው ይታዩኛል፤ ፎቶው ላይ ግን ቀለበት የለም። ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ነው አልኩ። አመሻሽ ላይ ወደ ገበያ መሄድ ካቆምኩ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ እሱንም “እርጅና ነው” ብዬ ትቼዋለሁ።

አንድ እሑድ ታቦር ላይ ትንሽ ዘገየን። ስንወርድ ድንጋዩንና ጥላውን መለየት አቃተኝ። እግሬ አየር ረገጠ። የወደቅሁት በእጄ አንጓ ላይ ነው፤ አጥንት አልተሰበረም። ግን ስወድቅ የልጁን እጅ ይዤ ነበርና እሱንም ይዤው ወደቅሁ። ጉልበቱ ተላጠ፤ ከጎናችን ቁልቁለቱ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ሰው አገር የምትለፋው እኔን አምና፣ ልጇን አደራ ሰጥታኝ ነው።

ለእናትህ እንዳትነግራት ብዬው ነበር። ነገራት። ደውላ አልተቆጣችም። “እማዬ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎሽ ቢመጣ ምን ትዪው ነበር?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት እናቶችን “ልጁ ሲመሽ ከዕቃ ጋር ይጋጫል? ዳፍንት አለበት?” እያልኩ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። የቫይታሚን ኤ እንክብል በእነዚህ እጆቼ ነው የሰጠሁት፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን ሰማያዊዋን 100,000 ዩኒት አንድ ጊዜ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለ ቀይዋን 200,000 ዩኒት በየስድስት ወሩ። ሲመሽ የማያይ ልጅ አንድ ነገር እንደጎደለው አውቅ ነበር። ሲመሽ የማታይ አሮጊት ግን፣ ያቺ አሮጊት እኔ ስሆን፣ “እርጅና ነው” ብዬ አለፍኳት።

ዓይኔን ያየችኝ ባለሙያ ከዓመታት በፊት እኔ ጋ የተለማመደች ልጅ ነበረች። በመብራቱ አየችና “ሲስተር፣ ሁለቱም ላይ ሞራ አለ፤ እንዴት እስካሁን ዝም አሉ?” አለችኝ። የዓይን ሞራ ማለት በዓይናችን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ደፍርሶ ሲደነግዝ ነው። ሲደፍርስ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቢጫና ቡናማ ስለሚሄድ ቀድሞ የሚያስቀርብን ሰማያዊውን ቀለም ነው። መብራት ላይ ቀለበት የሚያሳየውም፣ አመሻሽን ጭጋግ የሚያደርገውም እሱ ነው። ስልኩ አልዋሸም ነበር።

ጠብታ ሞራን አያጠፋውም፤ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ አንዱ ዓይን ሲያገግም ሌላው ይሠራል። ሁለተኛው ዓይኔ ካገገመ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ሐይቁ ዳር ወረድን። ፀሐይ ገባች፤ ቀዩ ከሰመ። ቀና አልኩ።

የልጅ ልጄ “አየሽው?” አለኝ። አየሁት። እንዲህ ያለ ሰማያዊ ለስንት ዓመት ከራሴ በላይ እያለ ሳላየው እንደከረምኩ እግዜር ይወቀው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ለልጄም የላክሁት እኔው ራሴ ነኝ።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ በእናንተም ቤት ቡና ጠጥቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ “ልሂድ፣ ይመሽብኛል” የሚል ሽማግሌ ካለ፣ የመኪና መብራት ሲመጣ ዓይኑን የሚሸፍን፣ ደረጃ ላይ በእግሩ የሚዳብስ፣ ነጩን ልብስ “ቢጫ ሆኗል” የምትል እናት ካለች፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። እርግጥ ነው በእድሜ የዓይን ብሌን እንደ ወጣትነቱ አይከፈትም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባም ለመላመድ ጊዜ ይወስድብናል። ግን በአገራችን ዓይነ ስውርነትን በማምጣት ቀዳሚው ሞራ ነው፤ እሱ ደግሞ ይታከማል። ምርመራው ሌላም ጥቅም አለው። ግላኮማ ከሆነ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ማዳን የሚቻለው ቀድሞ ከተደረሰበት ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ ደኅና የምታዩ ቢመስላችሁም በየዓመቱ ታዩ።

ፎቶ ለማንሳት ለምትወጡም አደራ አለኝ። ፀሐይዋን በባዶ ዓይን አትኩራችሁ አትመልከቱ። ከተራራ መውረዱን ብርሃን ሳለ ጨርሱ፤ ባትሪም ያዙ። ልጅ ስክሪን እያየ ወደ ኋላ እንዲራመድ አትፍቀዱለት። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሲመሽ ጉማሬ ሣር ፍለጋ ከውኃ ስለሚወጣ ቄጠማ ያለበት ዳር ልጅ ይዞ የሚቆሙበት ቦታ አይደለም።

እኛ አሁን ታቦር ላይ የምንወጣው ቀደም ብለን ነው፤ ሰማያዊውን የምንጠብቀው ታች ሐይቁ ዳር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሆነን ነው። ለመጪው እሑድ የልጅ ልጄ ጀልባዎቹን መርጧል።

የሳምንት ሰው ይበለን፤ ደኅና ሰንብቱ።